ከጋሼ አስናቀው መጋረጃ ፊት

ሊዮን፣ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ አስናቀው፤ ቢቸና።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ወገብዎ እንዴት ናቸው? ፎቶ ቤቱስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልኩ ስላልሆነልን ነው። ለእንቁጣጣሽ ደውዬ ሦስት ጊዜ «በዓል እንዴት ነው?» ብዬ ብጮኽ፣ ሦስት ጊዜም «ማን ሞተ?» አሉኝ። በመጨረሻ ከላይ ያለው ጎረቤቴ ወርዶ እሱም ማን እንደሞተ ጠየቀኝ።

ከዚህ ጋር አንድ ፎቶ በሁለት ቅጂ ልኬያለሁ። ባለፈው ወር ፓሪስ ሄጄ ከኤፍል ማማ ፊት የተነሣሁት ነው። እጄን ዘርግቼ የማማውን ጫፍ በሁለት ጣቴ የያዝኩ እንዲመስል አድርጌያለሁ፤ እዚህ መንገደኛው ሁሉ እንዲህ ይነሣል። አንዱን ለራስዎ ያስቀሩ፣ አንዱን በሞጣ መኪና ለእናቴ ይላኩልኝ። እንደሚያውቋት እናቴ በስልክ ላይ የሚታይ ሰው አታምንም፤ «ስልኩ ሲጠፋ የት ይገባል?» ትላለች። ከሄድኩ ሁለት ዓመት አልፎ አንድም የወረቀት ፎቶ ስላልደረሳት ተቀይማኛለች። ሥራውን ከጠየቀችዎ፣ ያው ሆቴል ውስጥ ነው ይበሉልኝ።

ሙያዎ ነውና ስለ ፎቶው አስተያየትዎን አይንፈጉኝ።

የእህትዎ ልጅ
ይግዛው


ቢቸና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለይግዛው።

በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ በወጣህበት ደጅ በሰላም ያግባህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም ቢሆን የማያስፈልገኝን ወሬ ስለቀነሰልኝ አልተጣላሁትም።

ፎቶው ደርሶኛል። ብርሃኑ ከኋላህ ስለሆነ ፊትህ ጠቁሯል። ያነሣህ ሰው ሁለቱንም እግርህን ከቁርጭምጭሚቱ ቆርጦታል። እኔ ዘንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ነው የሚሄደው። ይህ ግን ትንሹ ችግራችን ነው።

ትልቁ ችግር እናትህ ናት። ፎቶው ሞጣ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ መልእክት ይዞልኝ ተመለሰ። እንዲህ የሚል ነው፦ «አስናቀው፣ ልጄን ለምን ደበቅኸው? ቢመለስስ ማን ይቆጣዋል? ደግሞስ መስቀሉን ምን አድርጎህ አጠፋኸው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ሳትወለድ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ለፎቶ ቤቱ አንድ መጋረጃ አሥዬ ነበር። ሠዓሊው ሀብተ ሥላሴ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ያለውን የኤፍል ማማ አሳየሁት፤ አየና በሁለት ሳምንት አወጣው። ይህን የሚያህል ረጅም ነገር አቁሞ ጫፉ ላይ መስቀል የማያደርግ ሕዝብ ይኖራል ብዬ ባስረዳው አልሰማ ብሎ፣ መስቀል አደረገበት። በዚያ መጋረጃ ፊት ሙሽራው ተነሣ፣ ወታደሩ ተነሣ፣ የተመረቀው ሁሉ ተነሣ። ግማሹ ቢቸና ፓሪስ ሳይሄድ ፓሪስ ደርሷል። እናትህም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የፎቶ ቤቱን ነጭ ቦርሳ ይዛ ከማማው ሥር ቆማለች፤ ፎቶው ዛሬም ግድግዳዋ ላይ ነው።

እንግዲህ ያንተን ከሷ አጠገብ ሰቀለችውና አመሳከረችው። ማማው ያው፣ ሰማዩ ያው። መስቀሉ ብቻ የለም። በዚያ ላይ ጎረቤቷ ፈንታነሽ ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ ሸንኮራ ስትበላ አየሁህ ብላ ምላለች። እናትህ አሁን ፈረንሳይ አባርራህ ተመልሰህ፣ ኀፍረት ይዞህ ከኔ መጋረጃ ኋላ ተደብቀህ እንደምትኖር ርግጠኛ ናት። እኔን በሩቅም ሰላም አትለኝም።

ስለዚህ ሌላ ፎቶ ላክ። መንገደኛ ሁሉ የማይነሣውን፣ እኔም ያላሣልኩትን።

አጎትህ
አስናቀው


ሊዮን፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስናቀው፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድሁ። ለዚያ ፎቶ እኮ በፀሐይ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ፈረንሳይ ነኝ» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለችኝ፣ እንደ ታመመ ሰው እያባበለች። ቀጥላ «አጎትህ በደንብ ያበላሃል?» አለችኝ። ስልክ ከቢቸናም ይደወላል አለች። ቪዲዮ እንዳላሳያት ሞጣ ኢንተርኔቱ የለም፤ ቢኖርም አቋሟን ያውቁታል።

ስለዚህ ምክርዎን ይዤ ኢንተርኔት ላይ «የተለየ የጉዞ ፎቶ እንዴት ይነሣል» የሚል ብዙ ነገር አነበብኩ። ተንበርክከህ አንሣ ይላል። ጀንበር ሳትወጣ ተነሥ፣ የአየሩን ጠባይ ጠብቅ፣ ሰው የማያስበውን አቅጣጫ ፈልግ ይላል። ሁሉንም አደረግኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ተሳክቶልኛል። ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ። አንዱ ዘንድሮ መጀመሪያ የጣለው በረዶ ላይ ነው። ሁለተኛው ስመጣ ከአውሮፕላን መስኮት አጠገብ የተነሣሁት፣ ክንፉ በደንብ የሚታይ። ሦስተኛው ከአንድ የድንጋይ አንበሳ ጋር ነው፤ ከታች ሆኖ ስለተነሣ አንበሳው ሊዘልብኝ ይመስላል።

በረዶን ግን ማንም መጋረጃ ላይ ሊያመጣው አይችልም። ይህን ካየች ታምናለች፤ እርስዎም ይታረቃሉ።

ይግዛው


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይግዛው፤ በያለህበት መልአኩ ይጠብቅህ።

ልጄ፣ የኔን ዕቃ ቤት አጥንተህ የምትነሣ ነው የሚመስለው።

በረዶውን እንያዝ። በ1980ዎቹ ለገና ሰው በረዶ ላይ መነሣት አማረውና ወለሉ ላይ የተባዘተ ጥጥ አነጥፍ ነበር። ጥጡን የምታባዝትልኝ ማን ትመስልሃለች? እናትህ ናት። ሹፌሩ እንደነገረኝ፣ ፎቶህን ስታይ «ጥጡ በደንብ አልተባዘተም» አለች። የአውሮፕላኑን መስኮት ከኮምፔንሳቶ አሠርቼ ሃያ ዓመት ሰው አሳፍሬበታለሁ። የጄሶ አንበሳም ነበረኝ፤ አንተ ራስህ በሦስት ዓመትህ ጀርባው ላይ ሆነህ አልቅሰህበታል። ሦስቱን ፎቶ አስተካክላ ደርድራ፣ «ዕቃውን ሁሉ ከጓዳ አውጥቶ ልጄን ያጫውትበታል» አለች።

እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ። አሁን የምጽፍልህ ግን አያስቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ሳትነግረኝ ቢቸና መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ፎቶ ቤቱ ገብታ መጋረጃውን ገለጠች። ከኋላው የተሰበረ ወንበርና የድሮ የፎቶ ማጠቢያ አሲድ ጠርሙስ ነው ያለው። መስቀሉን ስታየው «መልሰህ ሣልከው» አለች። ከዚያ በሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለት ቀን ጠበቀችህ። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብላ ፊቱን እያየች መልሳ ታቀረቅራለች። ላንተ ብላ ያመጣችውን በሶ ትታልኝ ሄደች፤ «ሲራብ ይወጣል» ብላ ነው። በሶውን እየበላሁ ነው የምጽፍልህ።

ስትሄድ የነገረችኝን ልንገርህ። ያባትህ ዓርባ በወጣ ማግሥት በገዛ እጇ የተከለችውን ባሕር ዛፍ፣ የእርጅናዬ ጡረታ የምትለውን፣ ለእንጨት ነጋዴው ለምንይሉ ልትሸጠው ነው። ባጃጅ ትገዛልሃለች። ሥራ ካገኘህ ኀፍረትህ ይለቅህና ትወጣለህ ብላ ነው። ምንይሉ የዳግማ ትንሣኤ ማግሥት መጋዙን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ የሙያዬን ምክር ስማኝ። አርባ ዓመት ያነሣሁት ሰው ሊሆን የሚመኘውን እንጂ የሆነውን አይደለም። እኔ ዘንድ የሌለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ገንዘብ ከፍሎ የማይነሣው። እሱን ላክ።

አስናቀው


ሊዮን፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስናቀው።

የእናቴን ነገር ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ባሕር ዛፉን እንዳትሸጥ በማርያም ብለው ይለምኑልኝ። እኔ ምንም አልጎደለኝም።

ማንም ከፍሎ የማይነሣውን ስላሉኝ አንድ ሳምንት ከተማውን ዞርኩ። አራት ፎቶ ልኬያለሁ። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ አጥር ላይ የተረሳ የአንድ እግር ካልሲ፣ እርጥብ መንገድ ላይ የወደቀ የትራፊክ መብራት ጥላ። የመጨረሻው በተለይ ጥሩ ወጥቷል ብዬ አስባለሁ። ፎቶ የሚያውቅ አንድ ልጅ አይቶ አድንቆልኛል።

ቤቴንና የሥራ ቦታዬን ባነሣ ይሻል ነበር ይሉ ይሆናል። የሥራ ቦታ ግን ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ቤቱም ብርሃን የለውም።

ይግዛው


ቢቸና፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይግዛው።

ዐቢይ ጾም ነውና ቁጣዬን ቀንሼ እጽፍልሃለሁ።

እናትህ የቆሻሻ ገንዳውን አይታ፣ «ምግብ ከዚህ ነው የሚበላው?» ብላ አለቀሰች። የካልሲውን ፎቶ ለጎረቤት እንዳታሳይ ሸሽጋዋለች። የጥላውን ምንነት እኔም አላወቅሁትም፤ ልጁ ያድንቅልህ።

አንተ ከአራቱም ውስጥ የለህም። የተለየ ፎቶ ላክ ስልህ ከፎቶው ውጣ አላልኩህም።

ልጄ፣ ለስንት ጊዜ ዝም ልበልህ? በኤፍሉ ፎቶ ላይ የለበስከው ኮት እጅጌው ጣትህ ድረስ ወርዷል። እኔ ዘንድ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል አንድ ጥቁር ኮት ነበረ፤ ቢቸና ውስጥ እሱን ለብሶ ያልተነሣ ወንድ አልነበረም። የውሰት ኮት የለበሰ ሰው ትከሻውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ዐውቃለሁ። በረዶው ላይም አንበሳውም ጋ እጅህን ኪስህ ከተሃል። እጁን የሚደብቅ ሰው ሲመጣ ምን ይዞ እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፤ ደንበኛ ነውና። አንተ ግን ደንበኛዬ አይደለህም።

ሥራህ ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። እሱን ሆነህ ተነሣና ላክ። ጊዜው አልቋል፤ ፋሲካ ደርሷል።

አጎትህ


ሊዮን፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አስናቀው።

ጸደንያ የምትባል ነርስ፣ የደጀን ልጅ ናት፣ ለፋሲካ ስለምትገባ ይህን በእጇ ሰጥቻታለሁ። ፖስታ ቤት ካመንኩ ባሕር ዛፉ አለቀ ብዬ ፈራሁ።

ፎቶው አንድ ብቻ ነው። የሆቴሉ ምድር ቤት ነው፤ የአልጋ ልብስ የሚታጠብበት። እኔ አጣጣፊ ነኝ። ከላይ ያሉት እንግዶች ያደሩበትን አንሶላ በጋሪ ያወርዱልናል፤ ማሽኑ ያጥባል፣ እኔ አጥፌ እደረድራለሁ። ፎቶውን ያነሣኝ ማማዱ የሚባል የሴኔጋል ሰው ነው፤ ኮቱም የሱ ነው። ተንበርከክ አላልኩትም፣ ጀንበርም አልጠበቅንም። ምሳ ዕረፍት ላይ «እስቲ እንዳለሁ አንሣኝ» አልኩት። የላስቲክ ሽርጥ ታጥቄ፣ የጸጉር መሸፈኛ አድርጌ ነው። እጄ የቀላው በሳሙናው ነው፤ አያምም፣ ብቻ ይሰነጣጠቃል።

የመጣሁበት ትምህርት ከተቋረጠ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ለእናቴ ሆቴል ስላት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ቁልፍ የምሰጥ እንደመሰላት ዐውቅ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ልጄ እየተንቀባረረ ነው ብላ ደስ ሲላት መስማት ለኔም ምሳ ነበር።

ጋሼ፣ ከማሳየትዎ በፊት ያስቡበት። ካላስፈለገ አያሳዩዋት። ካስፈለገ ግን አብረዋት ይሁኑ።

ይግዛው


ቢቸና፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይግዛው፤ ለከርሞ በዓሉን አብረን የምንውል ያድርገን።

ጸደንያ በዓሉን ደጀን እናቷ ጋ ስለዋለች፣ ፎቶህ የደረሰኝ የዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ ከሰዓት ነው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ ነው ያመጣችው። በላኪ የሚሆን አልመሰለኝምና ካሜራዬን አንግቼ ሰኞ ማለዳ ሞጣ ወረድኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ተነፈሰብን። እዚያ አንድ ሰዓት ስንቆም ያንተን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርህም።

ስደርስ ምንይሉ ሁለት ሰዎችና አንድ መጋዝ ይዞ ከዛፉ ሥር ቆሟል። እናትህ ጎተራ ስትመርግ ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። «አመጣኸው?» አለችኝ፤ ከኔ ጋር ስትናገር ከታኅሣሥ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። ፎቶውን ሰጠኋት። በጭቃ እንዳትነካው በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ብዙ አየችው።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች። «የኔ ልጅ የራሱን ጋቢ አጥፎ አያውቅም።»

አለቀ አልኩ በልቤ። ምንይሉም ሊሰማ ጠጋ አለ። እሷ ወደ ብርሃኑ ዞረችና እንደገና አየችው። መጀመሪያ እጅህን፣ ቀጥላ የተደረደረውን አንሶላ፣ ከዚያ እንደገና እጅህን።

«ቢቸና ቢሆን አንተ ታጥፍለት ነበር» አለችኝ። «እዚህ ቢሆን እኔ አጥፍለታለሁ። የሚያጥፍለት ሰው የሌለበት አገር ነው ያለው። ፈረንሳይ ነው።»

ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሰባ ዓመት ሞልቶኝ የሚያሳፍረኝ ነገር ጥቂት ነው። ምንይሉ ነገሩ ባይገባውም ኮፍያውን አወለቀ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነው። ስትነሣ «ዛፉ አይሸጥም፣ መጋዝህን ይዘህ ሂድ» አለችው። የመኪና ኪራይ ከፍዬ ነው የመጣሁት ብሎ ሲያጉረመርም፣ ምሳ አብልታ ሸኘችው። ፈንታነሽም መጥታ ፎቶውን አየችና፣ መናኸሪያ ያየሁት ልጅ ከዚህ ወፍራም ነበር ብላ ቃሏን አነሣች።

ደብዳቤህንም አነበብኩላት፤ ሁሉንም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሰው የተኛበትን አንሶላ ሳይታጠብ በእጅህ ትነካው እንደሆነ። ጓንት አለው አልኳት። ከሌለህ ግዛ፣ ውሸታም አታድርገኝ። ለእጅህ ቅቤ ልካልሃለች፤ ጸደንያ ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች።

ከምሳ በኋላ «አሁን እኔን አንሣኝና ላክለት» አለች። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ልስቀል ብላት አይሆንም አለች። ቀሚስ ቀይሪ፣ እጅሽን ታጠቢ ብላትም አልሰማችኝም። ጎተራው ፊት ቆመች፤ እኔም አነሣኋት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው ያለው።

ስታየው እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ። አምና ክረምት አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። እንዳልነግርህ በገብርኤል አስምላኝ ነበር፤ አንተ ስትደውል ስልኩን ቶሎ የማታነሣውም ለዚህ ነው። ለፎቶው ምርኩዟን ልቀበልሽ ብላት ከለከለችኝ። «እሱ ያለበትን አሳይቶኛል፤ እኔም ያለሁበትን ይየው» አለችኝ።

አጎትህ
አስናቀው